መልስ በረከሰበት ዘመን፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የሰሜን ሸዋ መማሪያ ክፍል

ዓርብ የተሰጠ የቤት ሥራ ሰኞ ጠዋት ሲሰበሰብ ደብተሩ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የተማሪው ነው። ሐሳቡ የማን እንደሆነ ግን መምህሩ የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። ደብረ ብርሃን ወይም ሸዋ ሮቢት ላይ ስልክ ያለው ልጅ ጥያቄውን ፎቶ አንስቶ እንደ ቻትጂፒቲ ወይም ጀሚናይ ላለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ይሰጥና የወጣለትን ይገለብጣል፤ ስልክ የሌለው ከእሱ ይቀዳል። መንዝ ውስጥ ኔትወርክ በማይደርስበት ቀበሌ የሚኖረው ተማሪ ደግሞ በኩራዝ ብርሃን ብቻውን ታግሎ ግማሹን ይሠራል። ማርክ ሲሰጥ ከሦስቱ ዝቅተኛውን የሚያገኘው ራሱ የሠራው ነው። ስለ ትምህርትና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስንነጋገር ከዚህ በደል ብንጀምር ይሻላል፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ኩረጃ ከማሽኑ ጋር አልመጣም። ቻትጂፒቲ ለሕዝብ የተለቀቀው ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በጥቅምት ወር፣ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተፈትነው ነበር። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበር። ጦርነቱ፣ የመጽሐፍ እጥረቱ፣ የመምህሩ ኑሮ መክበዱ ለዚህ ውጤት የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ቢሆንም እነዚህ ልጆች ከታች ክፍል ጀምሮ ካርዳቸው ላይ የማለፊያ ማርክ ሲጻፍላቸው የኖሩ ናቸው። ካርዱ ይለካ የነበረው ደብተር ላይ የሰፈረውን መልስ ነው። መልሱ በምን መንገድ ደብተሩ ላይ እንደደረሰ የጠየቀ ሰው ጥቂት ነበር። አሁን ማንኛውም መልስ በሰከንድ በነፃ ስለሚገኝ መልስ ብቻ የሚለካ ምዘና ዋጋ አጥቷል።

ቴክኖሎጂ ክፍል ገብቶ ሲያዳልጥ ማየትም አዲስ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት በፕላዝማ ቴሌቪዥን እንዲሰጥ ተደርጎ ነበር። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይፈስሳል፤ አይቆምም፣ ወደ ኋላ አይመለስም፣ ያልገባው ልጅ ቢጠይቀው አይሰማም። ከአንድ ክፍለ ጊዜ የሚበዛው ደቂቃ የቴሌቪዥኑ ስለነበር መምህሩ መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቀርለታል። መብራት የጠፋ ቀን ትምህርቱም ጠፋ ማለት ነው። ዛሬ ያለው ማሽን ተጠይቆ የሚመልስ በመሆኑ ከፕላዝማ ይለያል። መምህሩን ከመሃል ካወጣነው ግን መጨረሻው ያው ነው።

ማሽኑ በአማርኛ የሚደክምበት ምክንያት

የቋንቋ ሞዴል የሚባለው ነገር እጅግ ብዙ ጽሑፍ አንብቦ፣ ከተሰጠው ቃል ቀጥሎ የትኛው ሊመጣ እንደሚችል መገመትን የተማረ ፕሮግራም ነው። ያነበበው ጽሑፍ ትልቁ ድርሻ እንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ኢንተርኔት ላይ ያለው ድርሻ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ እጅግ ያነሰ ነው። በዚህ ላይ የፊደል አቀማመጡ ይጨመርበታል። ኮምፒዩተር አንድ የላቲን ፊደል ለመያዝ 1 ባይት ሲበቃው ለአንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ያስፈልገዋል፤ «ትምህርት» የሚለው ባለ 5 ፊደል ቃል 15 ባይት ይወስዳል። ሞዴሉ ጽሑፍን የሚያነበው እየቆራረጠ ነው። የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ቁራጭ ሲሆን የአማርኛው ቃል ወደ ብዙ ጥቃቅን ቁራጮች ይበተናል። ለዚህ ነው በአማርኛ ሲጠየቅ የሚዘገየው፣ በነፃ የተፈቀደው መጠን ቶሎ የሚያልቀው፣ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሲሰጠው ከመሃል የሚዘነጋው።

ከዚያ የጠብቆና ላልቶ ነገር አለ። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ያልተፈጸመ ነገር፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓል ነው። «ዋና»ም ላልቶ ውኃ ውስጥ የሚዋኘው፣ ጠብቆ ትልቁ ጉዳይ ነው። ፊደሉ ልዩነቱን አያሳይም፤ አንባቢው ከአረፍተ ነገሩ ያወጣዋል፤ ማሽኑ አንዳንዴ ያወጣዋል፣ አንዳንዴ ይሳሳታል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የሳይንስ ቃል ነው። በሁለተኛ ደረጃ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ብዙው ተማሪ ደግሞ አንቀጹን በግምት ነው የሚያነበው። ማሽኑ ያንን አንቀጽ በአማርኛ ሊያብራራለት መቻሉ በእውነት ትልቅ ጸጋ ነው። እዚያው ላይ ግን ወጥመድ አለ። በዕለት ተዕለት አማርኛ ስፒድም ቬሎሲቲም «ፍጥነት» ነው፤ ማስም ዌይትም «ክብደት» ነው። ማሽኑ ሁለቱን በአንድ ቃል አድርጎ ቢያስረዳው ተማሪው ገባኝ ብሎ ይወጣል፤ ፈተና ላይ አቅጣጫ ያለውን ከሌለው፣ በኪሎግራም የሚለካውን በኒውተን ከሚለካው መለየት ያቅተዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። መምህሩ በየምዕራፉ መጀመሪያ ከ10 እስከ 15 የሚሆኑ ቃላትን እንግሊዝኛቸውን እንዳለ፣ አሀዳቸውንና አጭር ፍቺያቸውን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ተማሪው ማሽኑን ሲጠይቅ «እነዚህን ቃላት ሳትተረጉም አስረዳኝ» ብሎ ይጀምራል።

ፍንጭና መልስ

በቱርክ አገር ወደ 1,000 በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተደረገ የሒሳብ ጥናት ጉዳዩን አጥርቶ ያሳያል። አንደኛው ቡድን እንደልቡ የሚጠይቀው ጂፒቲ ተሰጠው፤ ሁለተኛው መልስ እንዳይሰጥ ይልቁንም ፍንጭ እንዲሰጥ የተዘጋጀ፤ ሦስተኛው መጽሐፉንና ደብተሩን ብቻ። በልምምዱ ወቅት የመጀመሪያው ቡድን መሣሪያ ካልተሰጠው ቡድን በ48 በመቶ፣ ሁለተኛው በ127 በመቶ በለጠ። ከዚያ መሣሪያው ተወስዶ ሁሉም ብቻቸውን ተፈተኑ። እንደልቡ ሲጠይቅ የነበረው ቡድን ምንም ካልተሰጠው ቡድን በ17 በመቶ አነሰ። ፍንጭ ሲሰጠው የነበረው ግን ጉዳት አልደረሰበትም። ማሽኑ አንድ ነው፤ የተለየው መልስ ወይም ፍንጭ እንዲሰጥ መዘጋጀቱ ነበር።

ስለዚህ ልጆቻችንን ማስተማር ያለብን የመጀመሪያው ነገር አጠያየቅ ነው። ችግሩን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይሞክራሉ፤ የሞከሩትን ስህተቱን ሳይደብቁ ለማሽኑ ይሰጣሉ፤ ቀጥሎ «መልሱን አትንገረኝ፣ የመጀመሪያውን ስህተቴን ብቻ አሳየኝ፣ ቀጥሎ ምን ማሰብ እንዳለብኝ በአንድ ጥያቄ ጠቁመኝ» ይላሉ። ማሽኑ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ዙር ከሄደ በኋላ ይረሳና መልሱን ይዘረግፈዋል፤ ያኔ ትእዛዙን መድገም ነው። በመጨረሻ ስልኩን ዘግተው ያንኑ ችግር ቁጥሩን ቀይረው ብቻቸውን ይሠሩታል። ይህ የመጨረሻው ደረጃ ከተዘለለ የቀደመው ሁሉ ከንቱ ነው።

ቆጠራና ነገራ

ምዘናን እንዴት እንለውጥ ለሚለው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በቅኔ ቤት መምህሩ ቆጠራ፣ ማለትም ተማሪው ቅኔውን የሚያስብበት ጊዜ፣ ይሰጣል። ተማሪው ግሱንና አገባቡን ይዞ ከሰው ይለያል፣ ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ተቀምጦ ያወጣል ያወርዳል። ሲመለስ ያሰበውን በቃሉ ይነግራል። መምህሩ ያርመዋል፤ ቤቱ የት እንደተሰበረ፣ ሰሙ ከወርቁ የት እንደተለያየ ይጠይቀዋል። ትላንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ የሌላ ሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ መንገር ነውር ነው። ጀማሪዎቹን የሚሰማቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰ አስነጋሪ ነው፤ መምህሩ ብቻውን ሁሉን አይሸከምም። ይህ አሠራር ከማሽኑ ጋር ቢጋጠም አይናወጥም፤ የሚለካው ተማሪው ፊት ለፊት ቆሞ የሚነግረውንና ሲጠየቅ የሚመልሰውን ነውና። ቅኔ ቤት ለብዙዎች፣ በተለይ ለሴቶች፣ በሩን የዘጋ መሆኑ አይካድም፤ ቁራሽ ለምኖ መማርም ለማንም ልጅ የምንመኘው አይደለም። የምዘናው ጥበብ ግን ሊወረስ ይገባል።

60 ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ እንዴት ይሠራል? እያንዳንዱን 2 ደቂቃ ብናናግር 120 ደቂቃ፣ ማለትም 3 ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይበላል፤ ማንም መምህር አይችለውም። በዕጣ ከሆነ ግን ይቻላል። የቤት ሥራው ለሁሉም ይሰጣል፤ በየሳምንቱ 8 ስም ከቆርቆሮ ውስጥ ይወጣል። 8 ሰው በ2 ደቂቃ 16 ደቂቃ ነው። በ8 ሳምንት 64 ሰው ይዳረሳል፤ ሁሉም ቢያንስ አንዴ ይናገራል። የወጣውን ስም ወደ ቆርቆሮው መመለስ ያስፈልጋል፤ ካልተመለሰ አንዴ የተናገረ ልጅ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ተገላገልኩ ብሎ ይተኛል። ተመልሰው ሲገቡ ግን አንዳንዱ ሁለት ጊዜ ሲወጣ ሌላው ጭራሽ ላይወጣ ስለሚችል፣ በየሳምንቱ 6 ስም ካልተናገሩት፣ 2 ስም ከተናገሩት ቆርቆሮ ማውጣት ይሻላል። እንዲህ ሲሆን 60ው በ10 ሳምንት ይዳረሳል።

የሚጠየቀውም ሦስት ነገር ብቻ ይሁን። አንደኛ፣ ከጻፍከው ይህንን አረፍተ ነገር በራስህ አባባል ንገረኝ። ሁለተኛ፣ ይህንን ቁጥር ብቀይረው መልሱ ወዴት ይሄዳል? ሦስተኛ፣ የቱ ጋ ተቸገርሽ፣ እንዴትስ ወጣሽው? ሦስተኛው ጥያቄ ኃይለኛ ነው። የሠራ ሰው የተቸገረበትን ቦታ ያውቃል፤ የገለበጠ «የትም አልተቸገርኩም» ይላል። ከ20 ማርክ 6ቱን ክፍል ውስጥ በእጅ ለተጻፈው የመጀመሪያ ሙከራ፣ 4ቱን ለተሰበሰበው መረጃ፣ 10ሩን ለቃል መልሱ መስጠት ሚዛኑን ወደ መንገዱ ያዞረዋል። ዕጣ ላልወጣላቸው በዚያ ሳምንት የቃሉ ማርክ አይያዝም፤ ተራቸው ሲደርስ ይያዛል።

የሚበላሽበትም ቦታ አለ። ዓይን አፋር ልጅ፣ በተለይ 60 ሰው ፊት፣ የሚያውቀውን ይረሳል፤ እሱን ዴስኩ ድረስ ሄዶ በዝቅታ መጠየቅ ነው። ከሌላ አካባቢ ተፈናቅሎ የመጣ ወይም ቤቱ ኦሮምኛ አልያም አርጎብኛ የሚናገር ተማሪ በአማርኛ መንተባተቡ የእውቀት ጉድለት ሆኖ እንዳይቆጠርበት በሚቀናው ቋንቋ ወይም በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ያስረዳ። መምህሩ ያደላል የሚል ቅሬታ ከመጣ ደግሞ አንድ ተማሪ እንደ አስነጋሪ ጎን ተቀምጦ የራሱን ማርክ ይመዝግብ፤ ልዩነቱ ከ2 ማርክ በላይ ከሆነ ጥያቄው ይደገም።

ማሽኑ የማያውቀው ጥያቄ

ጥሩ የቤት ሥራ መረጃው ከአካባቢው የሚገኝ ነው። ለምሳሌ ቁናን እንውሰድ። ቁና በይዘት የሚሰፍር መስፈሪያ ስለሆነ የአንድ ቁና ጤፍና የአንድ ቁና ገብስ ክብደት አይመሳሰልም፤ የአንዱ ገበያ ቁናም ከሌላው ይለያል። እነዋሪ፣ አረርቲና መሐል ሜዳ ያሉ ተማሪዎች በየገበያቸው ከአንድ እህል አንድ ቁና ሦስት ጊዜ አስፍረው፣ ሦስቱንም በኪሎ መዝነው አማካዩን ቢያወጡ፣ ለአንድ ኩንታል ስንት ቁና እንደሚገባ ቢያሰሉ፣ በትልቁና በትንሹ መካከል ያለውን ልዩነት ቢያስረዱ፣ ስለ ይዘትና ክብደት፣ ስለ አማካይና ስለ ስህተት መጠን የሚማሩት ከየትኛውም መጽሐፍ ይበልጣል። ማሽኑ ቁጥር ቢሰጥ ከራሱ የፈጠረው ነው። ሁለት ነገር ግን ያበላሸዋል፦ አንዱ ሰፍሮ ተቆልሎ ሌላው ተልጎ፣ ማለትም ከአፉ እኩል ተጠርጎ፣ ከተለካ ውጤቱ አይወዳደርም፤ ስለዚህ ሁሉም እንዲልጉት አስቀድሞ ይነገር። ሚዛኑም ከመጀመሩ በፊት ባዶ ዕቃውን መዝኖ መቀነስ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ምሳሌ የማሽኑን መልስ መፈተሽን ያስተምራል፤ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብ፣ ነው። ቁም ነገሩ የቀሪ ሒሳብ ስለሆነ ለማንኛውም ሃይማኖት ተማሪ ይሆናል። ለ2018 ዓ.ም. በእጅ እንሥራው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5,500 ሲደመር 2,018 ዓመተ ዓለሙን 7,518 ያደርገዋል። ለ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 13 ይቀራል። ከ13 አንዱ ይጎድላል፤ ወንበሩ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132 ይሆናል፣ ለ30 ተካፍሎ የሚቀረው 12 አበቅቴ ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228 ይሆናል፣ ለ30 ተካፍሎ የሚቀረው 18 መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆን አለባቸው፤ ሆኑ። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ይውላል፤ ዕለቱ እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ (ለየዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር) 7 ነው። 18 ሲደመር 7፣ የዓመቱ ጾምና በዓል የሚወጣበት ቁጥር፣ መባጃ ሐመሩ፣ 25። የነነዌ ጾም ጥር 25 ሰኞ ይገባል። ለትንሣኤ 9 ሲጨመር 34 ይሆናል፣ 30ው ሲነሳ ሚያዝያ 4።

አሁን ይኸው ጥያቄ ለማሽኑ ይቅረብና ተማሪዎቹ መስመር በመስመር ያርሙት። የሚስትባቸው ቦታዎች ይገመታሉ፤ ከ13 አንዱን ማጉደል ሊዘነጋ ይችላል፣ የኢትዮጵያን ዓመት ከአውሮፓው ሊያምታታ ይችላል፣ ዕለቱን በተሳሳተ ተውሳክ ሊያስብ ይችላል። የ30ው ድምር የማባዛትና የማካፈል ስህተትን ያጋልጣል፤ እነዚህን ሦስቱን ግን የሚያወጣቸው መስመር በመስመር ማረም ነው። በ11 ማባዛት ለምን አስፈለገ የሚለውም ይጠየቅ፦ የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነው፤ ልዩነታቸው 11 ነው። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ የሚገባውም በዚሁ ነው። ይህን በራሱ እጅ የሠራ ተማሪ፣ ማሽኑ ረጋ ባለ ቋንቋ የተሳሳተ ነገር ሲነግረው አይደናገጥም፤ መፈተሻ አለው።

መምህሩ ጋ ያለው ሥራ

የማሽን ጽሑፍ እንለያለን የሚሉ ፕሮግራሞችን ማመን አደገኛ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት፣ 7 እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች የጻፏቸውን 91 የቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ድርሰቶች ሲያዩ በአማካይ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑትን በስህተት የማሽን ብለዋቸዋል። ቀለል ባለ፣ በተለመደ ቃል የሚጽፈውን ይጠረጥራሉ፤ የእኛ ተማሪ የሚጽፈው ደግሞ እንዲሁ ነው። የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኦፕንኤአይ ራሱ ያወጣውን መለያ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ አንስቶታል። ንጹሕ ልጅን በፕሮግራም ቃል ሌባ ማለት ከኩረጃው የከፋ ጥፋት ነው፤ ከተጠረጠረ የሚያዋጣው ያው 2 ደቂቃ ማናገር ነው።

ለራሱ ለመምህሩ ግን ማሽኑ ጊዜ ይቆጥባል። የመጽሐፉን ገጽ ሰጥቶ «ከዚህ ገጽ ብቻ 10 የምርጫ ጥያቄ አውጣ፣ የተሳሳቱት አማራጮች ተማሪ በተለምዶ የሚሠራቸውን ስህተቶች ይሁኑ» ማለት ይበቃል። ከዚያ ሁሉንም ራሱ ይሥራቸው። ሁለት ትክክለኛ መልስ ያላቸው፣ ቁልፉ የተሳሳተ፣ እንግሊዝኛቸው ከክፍሉ በላይ የሆኑ ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሳያይ አባዝቶ የሚሰጥ መምህር ሰኞ ክፍል ውስጥ ያፍራል። የተማሪን ስም፣ ማርክና የቤት ሁኔታ ግን ለማሽኑ መስጠት አይገባም።

ኔትወርክ የሌለበትን ቦታ መርሳት ደግሞ በደሉን ማብዛት ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ቆይተዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ሁኔታ በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተመሠረተ ዕቅድ ዕቅድ አይባልም። ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ አነስተኛ ሞዴሎች አሉ፤ ከ7 እስከ 8 ቢሊዮን ፓራሜትር (ሞዴሉ የተማረውን የሚይዝባቸው ቁጥሮች) ያለው ሞዴል ተጨምቆ ከ4 እስከ 5 ጊጋባይት ቦታ ይይዛል፣ 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕም ይሠራል። ቀርፋፋ ነው፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰው በላይ ማስተናገድ ይከብደዋል፣ አማርኛውም ደካማ ነው። ለእንግሊዝኛ ልምምድና ለመምህሩ ጥያቄ ዝግጅት ግን ያገለግላል። ቁናው፣ ባሕረ ሐሳቡና የቃል ምዘናው ደግሞ መብራት እንኳ አያስፈልጋቸውም፤ ከተማና ገጠሩን የሚያቀራርበው ይኸኛው ወገን ነው።

ስለ ታችኛው ክፍል ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ማሽኑን በክፍል ውስጥ ለመጠቀም ዝቅተኛው ዕድሜ 13 እንዲሆን መክሯል። ከዚያ በታች ያለ ልጅ ፊደል ይቁጠር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፣ በእጁ ይጻፍ፤ አንብቦ መረዳት ያልቻለ ልጅ የማሽኑንም መልስ መመዘን አይችልም።

አገሪቱ በ2012 ዓ.ም. የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከል አቋቁማ በኋላ ኢንስቲትዩት አድርጋዋለች፤ በ2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ፖሊሲ ጸድቋል፤ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ተጀምሯል። ይህ ሁሉ እስኪወርድ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። የትምህርት ክፍል ኃላፊው ከ9ኛ ክፍል አንድ ክፍልና አንድ የትምህርት ዓይነት፣ ቢቻል ሒሳብን፣ ይምረጥ። በመጀመሪያው ሳምንት የማርኩ አከፋፈል ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ለተማሪውም ለወላጁም ይነገር፤ ሳይነገር የተጀመረ የቃል ምዘና ጠብ ያመጣል። በሁለተኛው ሳምንት የቁናው ሥራ ይሰጥ። በሦስተኛው ስሞቹ በቆርቆሮ ይግቡና የመጀመሪያዎቹ ይውጡ። በዚያ ቀን ብዙዎቹ ዝም ይላሉ፤ ማርካቸው ሳይያዝ በሚቀጥለው ሳምንት በድጋሚ ይጠየቁ።